በሌላ ግዛት የተቋቋመ ባለዕዳ ኩባንያ ንብረት ከፍርድ በፊት በሕግ ስለሚከበርበት ሁኔታ

ንግድ የሚካሄደው በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። ዕቃው ዛሬ ይጫናል፤ ገንዘቡ ከሠላሳ ወይም ከዘጠና ቀን በኋላ ይከፈላል፤ በዚህ መካከል በሻጩ እጅ የሚቀረው የገዢው ቃልና ፊርማ ብቻ ነው። ገዢው በዚያው ከተማ የሚኖር እንደ ሆነ ሱቁና መጋዘኑ በዓይን ስለሚታዩ ሻጩ ብዙም አይሰጋም። ገዢው በሌላ ግዛት ወይም በባሕር ማዶ የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን ግን፣ ዕዳው ሳይከፈል በቀረ ዕለት ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ባለዕዳውን በየትኛው ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ክሱ ተሰምቶ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ንብረቱ ወደ ሌላ ስፍራ ቢሸሽ ፍርዱ በምን ላይ ይፈጸማል የሚለው ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ንብረቱ ካመለጠ በኋላ የሚገኝ ፍርድ ለባለገንዘቡ ከወረቀት የማይበልጥ ይሆንበታል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን የቆመው ሥርዓት ከፍርድ በፊት ንብረትን ማስከበር ይባላል። ፍሬ ነገሩም፣ ባለገንዘቡ በሚከስበት ግዛት ውስጥ የተገኘው የባለዕዳው ንብረት ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥና ከስፍራው እንዳይነሣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ይህ ሥርዓት በሰፊው ሲሠራበትና ሲከራከሩበት የኖረው በተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ስለ ሆነ፣ እንዲሁም ከውጭ አገር ጋር የሚደረገው የንግድ ክፍያ አብዛኛው በዶላር ስለሚፈጸም፣ የዚያን አገር ሕግ አካሄድ ማወቅ ለአስመጪም ለላኪም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሥርዓቱ አመጣጥ

ሥርዓቱ የተወለደው ከነጋዴዎች ልማድ ነው። በጥንታዊቷ የለንደን ከተማ ባለዕዳው በከተማይቱ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር፣ ባለገንዘቡ ወደ ከንቲባው ፍርድ ቤት ቀርቦ በሌላ ሰው እጅ የሚገኘውን የባለዕዳውን ዕቃ ወይም ገንዘብ ለማስያዝ ይችል ነበር። ይህም የለንደን ልማድ በስደተኞች አማካይነት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በየግዛቱ ሕግ ውስጥ ገባ።

በዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ አነጋገር የውጭ ኩባንያ ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ኩባንያ ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ግዛት የተቋቋመ ኩባንያ በኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ዘንድ እንደ ውጭ ኩባንያ ይቈጠራል። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤትና የራሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ስላለው፣ የአንዱ ግዛት ነጋዴ በሌላው ግዛት ውስጥ እንግዳ ነው።

በነገሩ ውስጥ የሚገቡት ሦስት ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያው ባለገንዘቡ፣ ማለት ከሳሹ ነው። ሁለተኛው ባለዕዳው ሲሆን፣ ሦስተኛው የባለዕዳውን ንብረት በእጁ የያዘ ወይም ለባለዕዳው ገንዘብ ያለበት ሰው ነው። ይህ ሦስተኛ ወገን ባንክ፣ የመጋዘን ባለቤት፣ አጓጓዥ፣ ወኪል ወይም ዕቃ በዱቤ የወሰደ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ትእዛዙ ከደረሰው ሰዓት ጀምሮ የያዘውን ለባለዕዳው ቢያስረክብ፣ በኋላ ከራሱ ኪስ ለመክፈል ይገደዳል። በሁለት ሰዎች ጠብ መካከል የገባው ይህ ሰው ነገሩ ዕዳ ከሜዳ ይሆንበታል፤ ስለ ሆነም ሕጉ ለእርሱም ጥበቃ ማድረግ አስፈልጎታል።

በባልቲሞር ስለ ተያዘው 180 ዶላር

የሥርዓቱን የቀድሞ ኃይል ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው ሃሪስና ባልክ የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ሁለቱም የሰሜን ካሮላይና ሰዎች ነበሩ። ሃሪስ ለባልክ 180 ዶላር ዕዳ ነበረበት። ባልክ ደግሞ በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር ከተማ ለሚኖር ኤፕስታይን ለሚባል ሰው ከ300 ዶላር የሚበልጥ ዕዳ ነበረበት። በነሐሴ ወር 1896 ሃሪስ ሸቀጥ ለመግዛት ወደ ባልቲሞር በሄደ ጊዜ ኤፕስታይን ይህን ሰምቶ፣ ሃሪስ ለባልክ የሚከፍለው 180 ዶላር እንዲያዝለት በሜሪላንድ ሕግ መሠረት ትእዛዝ አስወጣ። ሃሪስም ዕዳውን ሳይክድ ገንዘቡን ለኤፕስታይን ወገን ከፈለ። ከዚያ በኋላ ባልክ በሰሜን ካሮላይና ሃሪስን ገንዘቤን ክፈለኝ ብሎ ከሰሰው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 በሰጠው ፍርድ፣ ዕዳ ባለዕዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባለዕዳው በተገኘበት ግዛት ሁሉ ዕዳውን መያዝ ይቻላል፤ ስለዚህ ሃሪስ ሁለተኛ እንዲከፍል አይገደድም ሲል ወሰነ። ይህንንም ሲወስን፣ ሦስተኛው ወገን ገንዘቡ እንደ ተያዘበት ለራሱ ባለገንዘብ ማስታወቅ እንደሚገባው አመለከተ። ባልክ ነገሩን ቀደም ብሎ ዐውቆ ስለ ነበርና በሜሪላንድ ሕግ መሠረት በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ቀርቦ ለመከራከር ይችል ስለ ነበር፣ አልሰማሁም ለማለት አልቻለም።

በዚህ ፍርድ መሠረት አንድ ነጋዴ እግሩን ወደማያውቀው ከተማ የሚሄድ ደንበኛ ስላለው ብቻ ገንዘቡ በዚያ ከተማ ሊያዝበት ቻለ። ባለገንዘቡን የጠቀመው ያህል፣ በሩቅ ያለውን ነጋዴ የሚያስጨንቅ ነበር።

ራስን ለመከላከል የተጠየቀ 200,000 ዶላር

ከዚያ የበለጠ ከባድ የሆነው በ1921 የተወሰነው የኦውንቢና የሞርጋን ጉዳይ ነው። የታወቀው የባንክ ባለሀብት ጆን ፒየርፖንት ሞርጋን በ1913 ከሞተ በኋላ፣ የውርሱ አስፈጻሚዎች የኮሎራዶ ነዋሪ የነበረውን ኦውንቢን በደላዌር ግዛት ከሰሱት። ኦውንቢ በደላዌር ሕግ በተቋቋመ ኩባንያ ውስጥ የነበሩት ከ33,000 የሚበልጡ አክሲዮኖች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተያዙበት። በዚያን ጊዜ በነበረው የደላዌር ሕግ ደግሞ ተከሳሹ ቀርቦ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ዋስትና ማቅረብ ነበረበት፤ መጠኑም 200,000 ዶላር ሆኖ ተወሰነ። ኦውንቢ ሀብቱ ሁሉ በእነዚያ በተያዙት አክሲዮኖች ላይ ስለ ነበር ዋስትናውን ለማግኘት ሳይችል ቀረ፤ ስለዚህም መከላከያው ሳይሰማለት ተፈረደበት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥርዓቱ ከጥንት ከለንደን ልማድ የመጣ መሆኑን ገልጦ ፍርዱን አጸናው፤ ሁለት ዳኞች ግን በውሳኔው አልተስማሙም። የሰውን ንብረት ይዞ ሳለ ንብረት ስለሌለህ አትናገር ማለት ፍትሕ መሆኑን ለመቀበል አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ጥያቄው እንደ ተነሣ ቈየ።

ሕጉ የተለወጠበት ምክንያት

በጥንቱ አስተያየት የአንድ ግዛት ሥልጣን በወሰኑ ውስጥ በሚገኝ ሰውና ንብረት ላይ ብቻ ነበር። በ1878 በፔኖየርና በኔፍ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ይህንኑ አስረድቶ፣ በግዛቱ ውስጥ የማይገኝ ሰው የሚከሰሰው ንብረቱ ከክሱ መጀመሪያ አንሥቶ የተያዘ እንደ ሆነ ነው፤ ፍርዱም ከተያዘው ንብረት ዋጋ አያልፍም ብሎ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ንብረት ማስያዝ ሁለት አገልግሎት ነበረው። አንዱ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን መስጠት፣ ሌላው ለዕዳው መያዣ መሆን ነው።

ይሁን እንጂ የባቡር ሐዲድ፣ አውቶሞቢልና ስልክ ንግድን ከግዛት ወደ ግዛት ባሻገሩ ጊዜ የድሮው ወሰን አልበቃ አለ። በ1945 በኢንተርናሽናል ሹ ኩባንያ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ መለኪያ አቆመ። ይኸውም አንድ ኩባንያ ከግዛቱ ጋር ለክሱ የሚበቃ የሥራ ግንኙነት ያለው እንደ ሆነ፣ በግዛቱ ውስጥ ባይቀመጥም በዚያ ሊከሰስ ይችላል የሚል ነው።

በ1977 ደግሞ በሻፈርና በሃይትነር ጉዳይ የመጨረሻው እርምጃ ተወሰደ። የግሬይሃውንድ ኩባንያ በደላዌር ሕግ የተቋቋመ ቢሆንም ዋናው የሥራ ስፍራው በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ነበር፤ ለክሱ ምክንያት የሆነውም ሥራ የተፈጸመው በኦሪገን ነበር። አንድ አክሲዮን ብቻ ያለው ሰው የኩባንያውን ሹማምንት በደላዌር ከሰሰ፤ የደላዌር ሕግ አክሲዮኑ የሚገኘው በደላዌር ነው ስለሚል የ19 ተከሳሾች 82,000 ያህል አክሲዮኖች ተያዙ፤ ዋጋቸውም ወደ 1,200,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ንብረት ተገኘ ተብሎ ብቻ ከክሱ ጋር ግንኙነት በሌለው ግዛት ሰውን መክሰስ አይገባም ሲል ወሰነ። በዚህም ሃሪስና ባልክ የተከራከሩበት የ1905 ፍርድ ኃይሉን አጣ።

ነገር ግን ብዙ ሰዎች ይህን ውሳኔ ሲሰሙ ማስያዝ የሚባለው ሥርዓት ጨርሶ የተሻረ መስሏቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የተሻረው ንብረቱን ለሥልጣን ምክንያት አድርጎ መጠቀም እንጂ ንብረቱን ለዕዳ መያዣ ማድረግ አይደለም። እንዲያውም ያው ፍርድ፣ ክሱ በሚገባው ፍርድ ቤት እየተሰማ ሳለ ንብረቱ በሚገኝበት ግዛት መያዣ እንዲሆን ማስከበር እንደሚቻል አመልክቷል።

ሳይሰሙ ስለ መያዝ

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከመሰማት መብት ነው። በ1969 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሠራተኛን ደመወዝ አስቀድሞ ሳያሰሙ መያዝ አይገባም ሲል ወሰነ። ነጋዴዎች ይህ ለሠራተኛ እንጂ ለኩባንያ አይሆንም ብለው አስበው ነበር። በ1975 ግን በጆርጂያ ግዛት በዶልተን ከተማ ያለ ኩባንያ የዕቃ ዋጋ 51,279 ዶላር ከ17 ሳንቲም አልከፈለም ተብሎ የባንክ ሒሳቡ በተያዘበት ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያውም ፈረደለት። ጉድለቱ ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ ሳይሆን የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆኑ፣ የከሳሹም ማመልከቻ ማስረጃውን ዘርዝሮ አለመግለጡ፣ ተከሳሹም በቶሎ ቀርቦ የሚሰማበት መንገድ አለመኖሩ ነው። የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሠራተኛም ሆነ ሠራተኞቹን የሚከፍልበት ሒሳብ የተዘጋበት ኩባንያ፣ ሁለቱም ሳይሰሙ ሊጎዱ አይገባም። በ1991 ደግሞ በኮነቲከት ግዛት በአንድ ሰው መኖሪያ ቤት ላይ ስለ ተደረገ ማስከበር ተመሳሳይ ፍርድ ተሰጠ።

አሁን በኒው ዮርክ የሚሠራበት ሕግ

የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ለነጋዴ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እንበል አንድ የአዲስ አበባ ቡና ላኪ በካሊፎርኒያ ለተቋቋመ ኩባንያ 80,000 ዶላር የሚያወጣ ቡና በኒው ዮርክ ለማስረከብ ሸጠ፤ ዕቃው ደረሰ፤ ገንዘቡ ግን ሳይከፈል ቀረ። ገዢው በኒው ዮርክ ለመሥራት ያልተመዘገበ ሲሆን፣ በዚያ ባንክ ውስጥ ሒሳብ፣ በመጋዘንም ያልተሸጠ ቡና አለው። ውሉ በኒው ዮርክ የሚፈጸም ስለ ሆነ ኩባንያውን በዚያ ለመክሰስ የሚበቃ ግንኙነት አለ።

ላኪው ንብረቱን ለማስከበር የሚከተሉትን ማስረዳት ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ክሱ የገንዘብ ክስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በፍሬ ነገሩ ለመርታት የሚያበቃ ማስረጃ እንዳለው በቃለ መሐላና በሰነድ ማሳየት ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ መኖር አለበት፤ ከእነዚህም አንዱ ባለዕዳው በግዛቱ ለመሥራት ያልተፈቀደለት የውጭ ኩባንያ መሆኑ፣ ሌላው ንብረቱን ለማሸሽ ማሰቡ ነው። አራተኛ፣ የሚጠይቀው ገንዘብ ገዢው ሊያቀርብበት እንደሚችል ከሚያውቀው የመከሰሻ ክስ የሚበልጥ መሆን አለበት። ገዢው ቡናው ከናሙናው ያነሰ ነው ብሎ አስቀድሞ ጽፎ እንደ ሆነ፣ ላኪው ይህን ደብዳቤ ሊደብቅ አይገባውም።

ከዚህም በቀር ላኪው ፍርድ ቤቱ የወሰነውን ዋስትና ያስይዛል። በኋላ ቢረታ ወይም ማስከበሩ አላግባብ እንደ ነበር ቢታወቅ፣ በንብረቱ መያዝ ገዢው የደረሰበትን ጉዳትና የጠበቃውን አበል ጭምር ይከፍላል። ትእዛዙ ለገዢው ሳይነገር የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ላኪው ሕጉ በወሰነው አጭር ጊዜ ውስጥ ገዢው ባለበት ትእዛዙን እንዲያጸናለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ አለበት። ገዢውም በበኩሉ ለተያዘው ንብረት የሚበቃ ዋስትና አቅርቦ ንብረቱን ለማስለቀቅ ይችላል። ዳኞቹም ባለዕዳው የውጭ ኩባንያ ነው መባሉን ብቻ ሰምተው ትእዛዝ አይሰጡም፤ መያዣው በእውነት የሚያስፈልግ መሆኑን ይመረምራሉ።

ስለ ባሕር ንግድና በባንክ ስለሚያልፍ ገንዘብ

ከመርከብ ጭነትና ከመርከብ ኪራይ የሚነሣ ክስ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት በልዩ የባሕር ሥርዓት ይታያል። በዚህ ሥርዓት ተከሳሹ በፍርድ ቤቱ ወረዳ ውስጥ ሳይገኝ ንብረቱ ከተገኘ፣ ንብረቱ እንዲያዝ ይፈቀዳል።

በ2002 በኒው ዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አንድ የታይላንድ ኩባንያ የላከው ገንዘብ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ በኒው ዮርክ ባንክ በኩል ባለፈበት ቅጽበት ሊያዝ ይችላል ሲል ወሰነ። በዶላር የሚደረግ ክፍያ ብዙው በኒው ዮርክ ባንኮች በኩል ስለሚያልፍ፣ የዓለም መርከብ ነጋዴዎች ሁሉ ጉዳይ ወደዚያ ጐረፈ። ከጥቅምት 1 ቀን 2008 እስከ ጥር 31 ቀን 2009 ባሉት አራት ወራት ብቻ 962 ክሶች ቀርበው 1,350,000,000 ዶላር እንዲያዝ ተጠየቀ፤ ይህም በዚያ ወረዳ ፍርድ ቤት ከቀረበው ክስ ሁሉ ሲሶው ነበር። በጥቅምት ወር 2009 ያው ይግባኝ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ውሳኔውን ሻረ። በመካከለኛ ባንክ በኩል የሚያልፍ ገንዘብ በዚያች ቅጽበት የላኪውም የተቀባዩም ንብረት አይደለም አለ።

በ2014 ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት ከፍተኛው ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ለአንድ የውጭ ባንክ የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ የደረሰ ትእዛዝ በሌላ አገር ባለው ቅርንጫፍ የሚገኘውን ሒሳብ አይዝም ሲል አጸና። ከነዚህ ሁለት ፍርዶች የሚገኘው ትምህርት፣ በኒው ዮርክ በኩል የሚያልፍ ገንዘብና በኒው ዮርክ የተቀመጠ ገንዘብ ልዩነት ያላቸው መሆኑን ነው። የሚያልፈው ገንዘብ ዛሬ እንደ ቀድሞው አይያዝም፤ በዚያ በባለዕዳው ስም የተከፈተ ሒሳብና በመጋዘን ያለ ዕቃ ግን ይያዛል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚሆን ትምህርት

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከፍርድ በፊት ንብረት የሚከበርበትን ሁኔታ ደንግጓል። መነሻው ግን ከኒው ዮርክ ይለያል። በእኛ ሕግ ዋናው ነገር ባለዕዳው የሌላ አገር ሰው መሆኑ ሳይሆን፣ የሚሰጠው ፍርድ እንዳይፈጸም ወይም እንዲዘገይ አስቦ ንብረቱን ለመሸጥ ወይም ከፍርድ ቤቱ ሥልጣን ክልል ለማውጣት የተሰናዳ መሆኑ ነው። ይህ ሲረጋገጥ ፍርድ ቤቱ ዋስትና እንዲያቀርብ ወይም የማያቀርብበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዘዋል፤ እንደ ሁኔታውም ንብረቱን ያስከብራል።

በውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ በኢትዮጵያ የሚፈጸመው፣ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ በአጸፋው የሚፈጽም ሲሆንና ሌሎቹም ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። የግልግል ዳኝነት ውሳኔን በሚመለከት ግን፣ ኢትዮጵያ በ2020 የኒው ዮርክ ስምምነት የሚባለው የውጭ አገር ግልግል ውሳኔ የሚፈጸምበት ውል ተካፋይ ስለ ሆነች መንገዱ ቀንቷል። የኒው ዮርክ ሕግም የግልግል ዳኝነት እስኪፈጸም ድረስ ንብረት እንዲከበር ይፈቅዳል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተጠቃልሎ ነጋዴ ሊይዘው የሚገባው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በዱቤ ከመሸጥ በፊት ገዢው የትኛው ግዛት ሕግ ያቋቋመው ኩባንያ እንደ ሆነ፣ የትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳለውና ዕቃውን የት እንደሚያከማች ማወቅና በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል። ዕዳው ከተካደ በኋላ ይህን መፈለግ እጅግ ያደክማል።

ሁለተኛ፣ በውሉ ላይ የመክፈያውን ስፍራ፣ ክርክር የሚሰማበትን ፍርድ ቤት ወይም የግልግል ዳኝነት በግልጥ ማስቀመጥ ይገባል። ከ1977 ወዲህ ንብረት ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ከግዛቱ ጋር ያለው ግንኙነት መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ የዋጋ ደረሰኝ፣ የጭነት ሰነድ፣ የናሙና ማረጋገጫና የተጻጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ በቀናቸው ተራ መጠበቅ አለባቸው። ፈጣን ትእዛዝ የሚገኘው በዘርዛራ ማስረጃ ነው።

አራተኛ፣ የሌላ ሰው ንብረት በእጁ ሳለ የማስከበር ትእዛዝ የደረሰው ነጋዴ፣ ዕቃውን ሳያስረክብና ገንዘቡን ሳይከፍል በዚያው ቀን ለንብረቱ ባለቤት በጽሑፍ ማስታወቅ፣ የጻፈበትንም ማስረጃ መያዝ ይገባዋል። ሃሪስን ከእጥፍ ክፍያ ያዳነው ባልክ ነገሩን በጊዜው ማወቁ ነበር።

አምስተኛ፣ ማስከበር የቂም መወጫ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የሰውን ሒሳብ አላግባብ ያዘጋ ሰው ጉዳቱን ከነወጪው ይከፍላል። ዕዳው እውነተኛ፣ ሰነዱም የተሟላ ሲሆን ግን፣ ባለገንዘቡ ጊዜ ሳያባክን ንብረቱ ወደሚገኝበት ስፍራ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።